የሦስት ቁልፍ መጽሔት

ሲስተር ሸዋወርቅ አብደላን አታምነውም ነበር። ማን ያምነው ነበርና! ሰውየው የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ወሎዬ፣ ዝምተኛ፣ "እንዴት አደሩ" ካለ የቀኑን ንግግር የጨረሰ የሚመስለው። ባለፈው ጥቅምት አብዮት ጠባቂዎች ከሥራው ላይ አንስተው ወሰዱት። አብረውት የተወሰዱት የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። እሱ ግን ሳምንት ሳይሞላው ጸጉሩን አበጥሮ፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ተመልሶ ማይክሮስኮፑ ፊት ቁጭ! "ምን ሰጥቶ ወጣ?" የሚለው ጥያቄ በግቢው ከአፍ አፍ ዞረ። ፊት ለፊት የጠየቀው ግን የለም፤ እሱም አልተናገረም። ዘመኑ እንደዚያ ነበር። የሄደም ያስጠረጥራል፣ የተመለሰም ያስጠረጥራል፤ ያልጠረጠረ ደግሞ ይመነጠራል።

የናዝሬትና የአካባቢው ጤና ባለሙያዎች ያኔ ማኅበር ነበራቸው። ነርሱም፣ ቁስል አጣቢው ድሬሰሩም፣ ራጅ አንሺውም፣ ከሞጆ እስከ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ያለው ሁሉ መዋጮ እየከፈለ አባል ሆኗል። አንድ ሕንዳዊ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ለማኅበሩ ትልቅ ውለታ ውሎ ሄደ። ከእንግሊዝ አገር የሚታተም የሕክምና መጽሔት በማኅበሩ ስም የሚላክበትን የብዙ ዓመት ሂሳብ አስቀድሞ ከፈለላቸው። ይህ መጽሔት እንደ ጋዜጣ ከሱቅ አይገዛም፤ ለከፈለ ብቻ በፖስታ ይመጣል፤ ያልከፈለ ሽፋኑንም አያይም። በአገራችን ያለ በሽታ እንኳ እንዴት እንደሚታከም የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የመጣ ዕለት አባላቱ እንደ አራስ ልጅ እየተቀባበሉ አዩት።

ደስታው አልበረከተም። "በየወሩ የእንግሊዝኛ ወረቀት የሚላክለት ምን ዓይነት ማኅበር ነው?" ተባለ። ስንት ደጅ ከተጠና በኋላ ፈቃድ ተገኘ፤ ግን መጽሔቱ ከማኅበሩ ክፍል እንዳይወጣ፣ ማንም እንዳይገለብጠው፣ አባል ያልሆነ እንዳያየው።

ታዲያ ማን ይጠብቀው? መላውን ያመጣችው ሸዋወርቅ ራሷ ናት። "እንደ ዕድራችን ሣጥን ይሁን!" አለች ስብሰባ ላይ። የዕድር ሣጥን መቼም የታወቀ ነው፤ ሦስት ቁልፍ ይንጠለጠልበታል፣ ሦስት ሰው አንዳንድ መክፈቻ ይይዛል፣ ሦስቱ ካልተገናኙ ሳንቲም አይወጣም። ቤቱ አጨበጨበላት። በልቧ ግን ሌላ ነገር ነበር። አብደላ ብቻውን ከመጽሔቱ ጋር እንዲቀመጥ አልፈለገችም፤ አንዷን ገጽ ይዞ ሄዶ "ይኸው ከኢምፔሪያሊስት ጋር ይጻጻፋሉ" ቢልስ? እሱን ለማጠር ያሰበችው አጥር ነው። አንዱን መክፈቻ ሊቀመንበሩ ንዋይ ያዘ፣ አንዱን እሷ። ሦስተኛውን ማን ይያዝ ሲባል ንዋይ ሳያስብ "ጓድ አብደላ ይያዝ" አለ። ሸዋወርቅ ክው አለች። ተማክረዋል ማለት ነው አለች በሆዷ።

ንዋይ ማለት ራጅ ክፍል የሚሠራ፣ አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ካኪ ለብሶ የሚውል፣ በሽተኛውን ሳይቀር "ጓድ፣ ትንፋሽህን ያዝ" የሚል ሰው ነው። ክፉ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ደግ ነው ብሎ የሚምልለትም አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ወራት እንዳለፈ ነው የሸዋወርቅ ታናሽ ወንድም አለማየሁ በጠራራ ፀሐይ በሯ ላይ የተገኘው። አዲስ አበባ አንድ ቀበሌ ታስሮ ነበር፤ እስረኞቹን ለእንጨት ሸክም ሲያወጧቸው አምልጦ፣ በእግሩም በመኪናም ብሎ ደረሰ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። በላዩ ላይ ቅማሉ ይርመሰመሳል። "እታለም፣ ካስቸገርኩሽ እሄዳለሁ" አላት ገና ከበሩ። "ዝም በል! የት አባህ ትሄዳለህ!" ብላ ጎትታ አስገባችው፣ ከዚያም አቅፋው አለቀሰች። ጸጉሩን ላጨችው፣ ልብሱን አቃጠለች፣ በጓዳ መጋረጃ ጋርዳ አስተኛችው። እናታቸው ስትሞት እጇ ላይ የቀረ ልጅ ነው። ወንድሟ ብቻ አልነበረም፤ ልጇም እሱ ነበር፤ ሌላ አልወለደችም።

ጥቂት ሰንብቶ ትኩሳት ያዘው። ያንቀጠቅጠዋል፣ ይለቀዋል፣ ዳነ ስትል ያገረሽበታል። ሸዋወርቅ ነርስ ናትና ገባት፤ ግርሻ ነው። ግርሻ ደግሞ የቅማል በሽታ ነው፤ በዚያን ጊዜ አልጋና ሳሙና ያለውን ሰው አይዘውም። ከየት ይመጣል ቢሉ፣ ሰው በሰው ላይ ከተደራረበበት ከእስር ቤት ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ "ግርሻ" ብላ ብትተነፍስ "ቤትሽ ያለው እስረኛ ማነው?" ብሎ ለመጠየቅ ካድሬ መሆን አያስፈልግም።

እርግጠኛ ለመሆን ከጣቱ ደም ወስዳ በመስታወት ላይ ቀባች። አብደላ ለሰላት በወጣበት የምሳ ሰዓት ላቦራቶሪ ገብታ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጋ በማይክሮስኮፑ አየችው። የተጠማዘዘችው ክር መሳይ ጀርም አለች፤ ብዙ ናት። መስታወቱን ጠራርጋ ወጣች።

መድኃኒቱስ ይታወቃል፤ ፔኒሲሊን ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። አምና ሁለት እስረኞች በዚሁ በሽታ መጥተው፣ በደንቡ መርፌ ተወግተው፣ አንቀጥቅጧቸው በዚያው ቀን ሞተዋል። እሷ ናት የወጋቻቸው። "በሽታው ሳይሆን መርፌው ነው የጨረሳቸው" ተባለ፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገራት የለም። በቅርቡ በመጣው መጽሔት ሽፋን ላይ ደግሞ የዚሁ በሽታ ሕክምና የሚል ርዕስ አይታለች። መልሱ ማኅበሩ ክፍል ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ ላይ ሦስት ቁልፍ አለ፤ ሁለቱ መክፈቻዎች በማታምናቸው ሰዎች እጅ ናቸው። ይህን ያደረገችው ደግሞ ራሷ ናት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ሰኞ ጠዋት ንዋይን ያዘችው። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ወባ የወጣ ጽሑፍ አለ። ዝናቡ ሳይመጣ ባነበው?"

"ወባ?" አላት ዓይኗን እያየ። "ዘንድሮ ወባው ቀደመ እንዴ?"

"ዝዋይ በኩል ጀምሯል ይባላል።"

"ጥሩ ነው። ለሰፊው ሕዝብ ጤና!" አለና ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ቀኑን ሙሉ ስታብሰለስል ዋለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ተገናኙ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ያ የናዝሬት ነፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ አቧራው በበሩ ስር ይገባል። እያንዳንዳቸው ቁልፋቸውን ከፈቱ። መጽሔቱ ወጣ። ሸዋወርቅ ተቀበለችና የወባውን ጽሑፍ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። ንዋይ በሩ ላይ ቆመ። አብደላ እጁን አጣምሮ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

ከቆይታ በኋላ "ሲስተር" አለ አብደላ። "ሰሞኑን ማይክሮስኮፔን የነካ ሰው ነበር። ሌንሱ ላይ ዘይት ቀርቷል።"

ሸዋወርቅ ከገጹ ቀና አላለችም። "እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ዕቃህን ቆልፍ!"

"ልክ ነው" አለ። ዓይኑን ግን ከእሷ አላነሳም።

አለቀልኝ አለች። ይህ ሰው አውቋል። ወይ ዛሬ ያሲዘኛል፣ ወይ ነገ። ንዋይ ሲጋራ ሊለኩስ ፊቱን ወደ ውጭ ሲያዞር ገጾቹን ፈጥና ገለባበጠች። አገኘችው! እንግሊዝኛው ይከብዳታል፣ ቢሆንም ዋናው ነገር አልጠፋትም። መጠኑ ነው ነገሩ። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲሰጥ ጀርሙ ባንዴ ያልቅና ሰውነት ይናወጣል፤ ስለዚህ ከተለመደው በጣም ባነሰ መጠን ይጀመር ይላል። መጠኑን በቃሏ ያዘች። ገጹ መጨረሻ ላይ "መርፌውን የተወጋ በሽተኛ ግን" ብሎ ዓረፍተ ነገሩ ወደ ጀርባው ይሻገራል።

"ሰዓቱ እየደረሰ ነው፤ ስብሰባ አለብኝ" አለ ንዋይ ከበሩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ትንሽ ጊዜ ይሰጣቸው" አለ አብደላ። ወደ እሷም ዝቅ ብሎ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "ገጹን ይገልብጡትና ይጨርሱት እንጂ፣ ሲስተር። ጀርባው ላይ ነው ዋናው" አላት።

ዋናው! የትኛው ዋናው? የወባው ጽሑፍ እዚያ ገጽ ላይ እንዳልሆነ አይቷል ማለት ነው። ብገለብጠው "ይኸው ስለ ግርሻ ስታነብ አየኋት" ሊል ነው። ወጥመድ! ሸዋወርቅ መጽሔቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። "ጨርሻለሁ። የምፈልገውን አግኝቻለሁ" አለች። አብደላ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ንዋይን አየ፣ አፉን መልሶ ዘጋ። ሦስቱም ቁልፋቸውን ቆልፈው ወጡ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ወንድሟን ያነበበችውን ያህል ወጋችው። አንቀጠቀጠው፤ ግን እንደ እነዚያ አልሆነም። እጁን ይዛ ማርያምን ስትማጸን ቆየች። ሲነጋ ትኩሳቱ ወርዷል፣ ላቡ አንሶላውን አርሶታል፣ "ራበኝ" አለ። ራበኝ! ከዚህ የሚበልጥ ቃል አለ? እልል ልትል ምንም አልቀራት። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

ሳቋ ግን ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘርፉ እስክትመጣ ድረስ ነበር። "ሸዋ፣ ሰው አጥቶሽ ነው እንዴ የተመለሰው? አንድ ቀጭን ሰውዬ አሁን በጠዋት በርሽ ላይ ቆሞ ቆሞ፣ ግራ ቀኝ ገላምጦ ሄደ። ያ የላቦራቶሪው አይደል?"

ቤቱን ሊያይ ነው የመጣው። በሩን ሊያውቅ። ቀጥሎ የሚመጡት ባለ ጠመንጃዎቹ ናቸው። ሌሊት እንዳታሸሸው ሰዓት እላፊ አለ፤ እስኪመሽም ጊዜ የሚሰጣት የለም። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ሰንበታ ቤት ሮጠች። ሰንበታ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጨው ጭኖ ወደ ሻሸመኔ ይመላለሳል። ሚስቱ በምጥ ተይዛ ስትጨነቅ ያዋለደችለት ሸዋወርቅ ናት።

"አካም ቡልቴ፣ ሲስተር!" ሲል በኦሮምኛ ተቀበላት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሰላምታውን አልጨረሰም።

"አንድ ሰው አርሲ ነገሌ አክስቴ ዘንድ አድርስልኝ። ማን ነው አትበለኝ።"

ሰንበታ ራሱን አከከ። "ረዳቴ ይሁን" አለ በመጨረሻ። "የመኪና ረዳት መታወቂያ የሚጠይቀው የለም። ቅባት የነካው ቱታ ነው መታወቂያው።"

አለማየሁ ቱታውን ለበሰ። ሲነሳ ዓይኑን ጭልም አደረገው፤ ግድግዳ ያዘ። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" አላት። እሷም ደህና ነው ብላ አመነች፤ ትኩሳቱ ወርዶ የለ? በትከሻዋ ደግፋ፣ በጓሮ በኩል አውጥታ ጋቢና ውስጥ ሰቀለችው። ጉንጩን ሳመችው። "ባትጽፍልኝም ደህና መሆንህን እኔ አውቃለሁ" አለችው። መኪናው በአቧራ ውስጥ ሲሰወር እፎይ አለች፤ አብደላን ቀደምኩት አለች።

ቤቷ ተመልሳ አልጋውን ስታነሳ ጋሪ በሯ ላይ ቆመ። አብደላ ወረደ። ብቻውን ነው። ሸዋወርቅ ደረቷን ነፍታ በሩ ላይ ቆመች። ይግባ! ይፈትሽ! ምን ያገኛል?

"ሲስተር" አለ እያለከለከ። "ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ማወቅም አልፈልግም፣ ወላሂ። አንድ ነገር ብቻ ልናገርና ልሂድ። አያስነሱት።"

"ማንን?"

"ማንም ይሁን! ከመርፌው በኋላ አንድ ቀንና ሌሊት ከአልጋ ቀና እንዳይል። ትኩሳቱ ሲወርድ የዳነ ይመስላል፤ የደም ግፊቱ ግን አብሮ ወርዷል። ከቆመ ልቡ ቀጥ ይላል። ጀርባው ገጽ ላይ ያለው እሱ ነው፤ መጽሔቱ የመጣ ዕለት አንብቤዋለሁ። አምና የሞቱትን ሰዎችም እኮ ራጅ ይነሱ ብለን አስነስተናቸው ነበር።"

ሸዋወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ "ልኬዋለሁ!" ብላ ጮኸች። "በእግሩ አቁሜ በሻሸመኔ መኪና ልኬዋለሁ፣ ወይኔ!"

አብደላ እጇን ይዞ ጋሪው ላይ አወጣት። መነኸሪያ አካባቢ አንድ ታክሲ ለምነው ወደ ሞጆ ከነፉ። እሷ ከፊቷ የሚመጣውን ኤንትሬ ሁሉ ታያለች፤ እሱ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ሞጆ ኬላ ላይ የጨው መኪናው ዳር ይዞ ቆሟል። ሸራው በግማሽ ተፈቷል። ሰንበታ ቆቡን አውልቆ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ቆሟል። ከጎማው ስር፣ ጥላው ላይ፣ አለማየሁ ተጋድሟል፤ የሸራው ገመድ አሁንም እጁ ላይ ነው።

"ሸራውን ፍታ አልነው፤ ወጥቶ ቆመ፤ ተመልሶ ቁጭ አለ፤ በቃ" ይላል አንደኛው ጠባቂ፣ ራሱም ደንግጦ። ወዲያው ግን ወደ ሰንበታ ዞረ። "አንተ ደግሞ የረዳትህን ስም አላውቅም ትላለህ! የማታውቀውን ሰው ጭነህ ትዞራለህ? ማነው ይሄ ሰው? የማነው?"

ሸዋወርቅ አፏን ከፈተች። ወንድሜ ነው ልትል ነበር። ወንድሜ ነው ካለች ስሙ ይጠየቃል፤ ስሙ ደግሞ አዲስ አበባ ከጠፉት እስረኞች መካከል አለ፤ ሰንበታም የልጆች አባት ነው።

አብደላ አለፋት። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ኮቱን አውልቆ እስከ አገጩ ሸፈነው፤ አንገቱ ላይ ያለችው ጥቁር ማተብ ከኮቱ ስር ገባች።

"የእኔ ነው" አለ። "ወንድሜ ነው። ወባ ይዞት ሳለ ሥራ አይቅርብኝ ብሎ ወጣ። እሳቸው ነርስ ናቸው፤ ፍለጋ ነው የመጣነው።" መታወቂያውን አወጣ።

"ስሙስ?"

አብደላ ስሙን አያውቅም። ወደ ሸዋወርቅ ሊዞር አለና ተወው። "መሐመድሰዒድ" አለ።

ጠባቂው መታወቂያውን አየ፣ ሬሳውን አየ፣ ከፍቶት "ነፍስ ይማር፤ ውሰዱት" አለ።

ሰንበታና አብደላ አንስተው ጨው ላይ አስተኙት። ሸዋወርቅ ደረቷን መምታት አማራት፣ አለማየሁ ብላ ስሙን ጠርታ መጮህ፤ እህት የምታደርገውን ማድረግ። አልቻለችም። የሰው ወንድም እንደሞተባት ነርስ ጋቢና ወጣች። አብደላ ከጎኗ ተቀመጠ፤ መኪናው ወደ ናዝሬት ዞረ።

ኬላው ከኋላ ከቀረ በኋላ ነው የተናገረችው። "አንተን ፈርቼ ነው" አለች፣ ዞራ ሳታየው። "ጠዋት በሬ ላይ ቆመህ ነበር አሉኝ። አንተን ፈርቼ ነው ከአልጋ ያስነሳሁት።"

የአብደላ እንባ በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር።

"ልነግርዎ ነበር የመጣሁት" አለ። "ከዚያ 'ይህቺ ሴትዮ ለንዋይ ብትነግርብኝስ?' አልኩ። እርስዎን ፈርቼ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።"